የትራምፔቱ ማሳረጊያ

«ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ይላሉ አበው። እትዬ መርፌ ይህን ብሂል እንደ ጨው ለሁሉ ነገር ይነሰንሱት ነበር፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግን ከአፋቸው ጠፍቶ ከረመ። መልሰው ያነሡት ልጃቸው የኮንሰርት ትኬት ይዛ በመጣች ቀን ነው።

«ቲያትር ቤታችን ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! አሁን ዘፈኖቹን ብቻ ነቅለው ቢያመጧቸው ምን ሊረባኝ? ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም፣ ልጄ።»

«ቤት ሥሪ ማን አለሽ፣ እማዬ? ቁጭ ብለሽ ስሚ ነው ያልኩሽ።»

እትዬ መርፌ ቅጽል ስማቸውን ያወጣላቸው ሙያቸው ነው፤ በሙዚቃዊ ቲያትር አልባሽ ሆነው ኖረዋል። ትልቁ ፈተናቸው በአንድ ዘፈን መካከል ይመጣ ነበር። ዘፋኟ የመጀመሪያውን ክፍል በገረድ ቀሚስ ትዘፍንና፣ መብራቱ ሲጠፋ ወደ መጋረጃው ጀርባ ሮጣ፣ ሁለተኛውን በሙሽራ ቀሚስ ልትዘፍን ትመለሳለች። የሙሽራ ቀሚሱ ከማጅራት እስከ ወገብ በጥቃቅን ቁልፎች የሚያያዝ ነበር። በዚያ ጨለማ መድረኩ ባዶ እንዳይሆን ትራምፔት ብቻውን አጭር ዜማ ይነፋል። እትዬ መርፌ ካልጨረሱ፣ አፋቸውን ወደ መጋረጃው አስጠግተው «ገና ነው!» ይላሉ፤ ዜማው ይደገማል። ሲጨርሱ የእጅ ባትሪያቸውን ወደ ላይ ያበራሉ። ያን ትራምፔት የሚነፉት ሰው ኋላ ባለቤታቸው ሆኑ።

አሁን አንድ ለልጃቸው ያልነገሩት ጭንቀት ነበረባቸው። የዜማው መነሻ በጆሯቸው አለ፤ ማሳረጊያው ግን ጠፍቷል። ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ክር ሲያስገቡ ያንጎራጉሩታል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ገደል እንደገጠመው መንገደኛ ቀጥ ይላሉ። በቴፕ የተቀዳ ነገር አልነበረም። ትኬቱን እያጉረመረሙም ቢሆን የተቀበሉት ባላቸው የነፉትን እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ለመስማት ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ኦርኬስትራው ጥቁር ለብሶ ተቀምጧል። ዘፋኟ መሐል መድረክ ላይ ቆመች።

«ልብስ የምትቀይረው በየት በኩል ነው?» አሉ እትዬ መርፌ።

«አትቀይርም፣ እማዬ። ኮንሰርት እኮ ነው፤ እንደቆመች ነው የምትዘፍነው።»

«ታዲያ ማን አለበሳት?»

«ራሷ ለብሳ ነዋ የመጣችው!»

«አልኩ እኮ! ዚፑ ጠሟል።»

ልጅቷ ሣቋን በመሐረብ አፈነች። ያ ዘፈን ሲጀመር ግን እትዬ መርፌ መቀለዱን ተዉት። እጃቸው ጭናቸው ላይ ከመቅጽበት ሥራውን ያዘ፤ የሌለ ቁልፍ በሌለ ቀዳዳ ያስገባል። አንድ ወጣት ተነሥቶ ትራምፔቱን ነፋ፤ ጥርት ያለ፣ እንከን የማይወጣለት ነበር። ጣቶቻቸው ከሙሽራዋ ትከሻ እምብዛም ሳይወርዱ ቫዮሊኖቹ ገቡ፤ ዘፋኟም ሁለተኛውን ክፍል ጀመረች።

«ገና ነው!»

ድምፁ ከአፋቸው ካመለጠ በኋላ ነው የራሳቸው መሆኑን ያወቁት። በፊታቸው የተቀመጠው ሁሉ ዞረ። ልጃቸው ክንዳቸውን ያዘች። ከኦርኬስትራው የኋላ ረድፍ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ከበሮ መቺ አንገቱን እንደ ሰጎን አስግጎ ሕዝቡን ቃኘ።

ዝግጅቱ ሲያበቃ ሽማግሌው መውጫው በር ላይ ደረሰባቸው።

«መርፌ! እኔ እኮ ብያለሁ፤ እንዲህ ያለ ቆርጦ የሚጥል ሹክሹክታ ያላት አንድ ሴት ብቻ ናት!»

«አንተ ሰውዬ፣ አልሞትክም እንዴ?»

«ቀጠሮ ሰጥተው ረስተውኛል።»

ተቃቅፈው ሲበቃቸው እትዬ መርፌ ጠየቁ፤ «ምነው አሳጠሩት? ማሳረጊያውስ የት ገባ?»

«ኖታው ላይ ያለው ይኸው ነው። የሚለብስ ከሌለ ማንን ይጠብቁ? ማሳረጊያው ተጽፎ አያውቅም፤ የባልሽ የራሱ ነበር። ደግሞ የሚነፋው መቼ መሰለሽ? ባትሪሽ ከበራ በኋላ። እሱ ከተቀመጠበት አይታየውም፤ እኔ አይቼ በዱላዬ ጉልበቱን ነካ አደርገዋለሁ። እሱ እቴ! አንዴ ይደግምና በዚያ ያሳርጋል። ምን ነካህ ስለው፣ ‹እጇ ይረፍ ብዬ ነው› ይለኛል።»

እትዬ መርፌ ግድግዳውን ተደገፉ። «እኔንስ ‹ባትሪሽን አላየሁትም› ነበር የሚለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ጨቀጨቅኩት! ዓይንህን ተመርመር እያልኩ…»

«መነጽርም ገዝተሽለት ነበር አሉ።»

«ገዝቼለታለሁ» አሉ፤ ሣቅ እያሉ እንባቸውን ጠረጉ። «እስቲ በሞቴ፣ ታስታውሰዋለህ?»

ሽማግሌው ከንፈሩን አርጥቦ አፏጨ። ጥርሱ እየሳሳ ነበርና አንዳንዱ ድምፅ ነፋስ ብቻ ሆነ። ሆኖም ዜማው መጨረሻው ላይ ደረሰ፤ ከፍ ብሎ ጥቂት ቆየና፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ ብሎ ወረደ። እትዬ መርፌ ሳይታወቃቸው ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። እጃቸው ውስጥ ባትሪ አልነበረም።

«ኮንሰርቱ በሳምንቱ ይደገማል» አለ ሽማግሌው። «ማሳረጊያውን ለዚያ ትራምፔት ነፊ ልጅ አስጠናለሁ፤ የኦርኬስትራውን መሪ እለምነዋለሁ። ነይና ስሚው።»

«ባትሪውን ማን ያበራለታል?» አሉ እትዬ መርፌ። ከዚያም የልጃቸውን ክንድ ይዘው፣ በአፋቸው ውስጥ እያንጎራጎሩ ደረጃውን ወረዱ።

በሳምንቱ እሑድ ወጣቱ ዜማውን ሁለት ጊዜ ነፋው፤ ሁለተኛውን የፈረሰው ቲያትር ቤት ሰዎች በሚያውቁት ማሳረጊያ ዘጋው። እትዬ መርፌ አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ግን አንድ የእጅ ባትሪ ወደ ላይ በርቶ ነበር።