የዘካሪያስ ስም

ፀዲና ዘካሪያስ ያን ሥራ የጀመሩት ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ነው። የሐበሻን ቀን ከፈረንጁ የሚያመሳክር የስልክ ፕሮግራም ነው፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ሰው ያሻሽለዋል፣ ማሻሻያው ግን ሌላ ሰው ሳያጣራው አይገባም። ፀዲ ትጽፋለች፣ ዘካሪያስ ያጣራል። "አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ጳጉሜን ዘለልሻት!" እያለ ይመልስባታል። አንዳንዴማ እንዲጽፍላት ብላ አውቃ ትሳሳት ነበር።

ተመርቀው እሷ ቆቦ ኮምፒውተር መጠገኛ ከፈተች፤ እሱ ሥራ አጥቶ ዋጃ እናቱ ዘንድ ገባ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ኔትወርክ ጠፋ። ኔትወርኩ ሲመለስ የዘካሪያስ ስልክ አልተመለሰም። አንዱ "በአፋር በኩል ወደ ዓረብ አገር ወጥቷል" አላት፤ ሌላው "መንገድ ላይ ቀርቷል" አላት። ዋጃ ቅርብ ናት፣ ፀዲ ግን ሁለተኛውን ወሬ ከእናቱ አፍ መስማት ፈርታ አልሄደችም። የምትጽፈውን ሁሉ ግን ያጣራልኝ ብላ ለእሱ ትልካለች። መልስ ሲጠፋ፣ ሥራውን ከሐዋሳ ሆና የምታስተባብረው ሊድያ ታጣራላታለች።

አምና ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን ሊድያ ጻፈችላት። "ፀድዬ፣ ዘካሪያስ ድምፁ ከጠፋ ቆየ። ስሙን ከአጣሪዎቹ አውጥቼ አንቺን ላስገባ ነው። ለውጡን አንቺው አይተሽ ተቀበዪው።"

በማግስቱ ሱቋን ዘግታ ዋጃ ወረደች። እናቱ እማማ ቆንጅት በር ላይ አገኟት።

"የት ጠፍተሽ ነው? በደወለ ቁጥር እኮ ስላንቺ ይጠይቀኛል።"

"ይደውላል?"

"ሳውዲ ፍየል ይጠብቃል። አርብ አርብ በሰው ስልክ ይደውልልኛል። ለሷም ደውል ስለው 'ምን ብዬ?' ይለኛል።"

ዕለቱ አርብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ፤ እማማ ቆንጅት ለእሷ ሰጧት።

"ዘካሪ።"

ከበስተኋላው ፍየሎች ይጮኻሉ።

"ፀዲ ነሽ?"

የሊድያን መልእክት ነገረችው።

"አውጭው" አላት። "እኔ እንደሆን ኮምፒውተር ካየሁ ቆየሁ። አንቺ ብትገቢበት ደስ ይለኛል።"

"እኔ አንተ እንድትመጣ ነው የምፈልገው።"

"እኔስ?" አለና ድምፁ ተሰበረ። ባለስልኩ ሲጣራ ተሰማ፤ መሥመሩ ተቋረጠ።

አመሻሽ ላይ ቆቦ ተመልሳ ለውጡን ከፈተችው። የሚወጣው ስም በቀይ፣ የሚገባው በአረንጓዴ ተጽፏል፤ ዘካሪያስ ከላይ፣ ፀዲ ከሥር። ስማቸው እንዲህ ተጠጋግቶ አይታው አታውቅም። እንባዋ እስኪደርቅ ተቀመጠች። ከዚያ "ሲመጣ ቦታው የሱ ነው" የሚል ማስታወሻ ጻፈችና ለውጡን ተቀበለችው።

በሳምንቱ አርብ ከምሳ በፊት የዋጃ ሚኒባስ ውስጥ ነበረች።