መሬት በዓል አያከብርም

ባቄላዬን ዶሮ ባይጨርሰው ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ቲቸር ሮዳስ ከደብረ ብርሃን የመጣች የሳይንስ መምህራችን ናት። ስምንተኛ ክፍልን በሙሉ "በየቀኑ የሚለወጥ አንድ ነገር ምረጡና ለኩ፣ ከዚያ ግራፍ ሥሩለት" አለችን። ሁሉም ባቄላ ተከለ። የእኔን ዶሮ ለቀመው። ሌላ ከመትከል ጓሯችን ያለውን የመሬት ስንጥቅ መለካት ቀለለኝ። ቤታችን አንኮበር፣ ገደል አፍ ላይ ነው፤ ሰማዩ ሲጠራ ቁልቁል አሊዩ አምባ ይታያል። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ችካል ተከልኩ፤ መጋቢት ስምንት ቀን በመሃላቸው ልክ ሃያ ሴንቲ ሜትር ነበር።

አባቴ ቄስ ገብረ ጻድቅ ናቸው። በእኛ ቤት በበዓልና በሰንበት ማስመሪያ መንካትም ሥራ ነው። ስለዚህ ሚካኤልን ዘለልኩ፣ ኪዳነ ምሕረትን ዘለልኩ፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ ቅዳሜና እሑዱን ሁሉ ዘለልኩ። እውነቱን ለመናገር አልከፋኝም።

መጋቢት ሃያ አራት ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ነጥቦቹን ሳገናኝ ግን ደነገጥኩ። መስመሩ ቀስ እያለ ይሄድና በዓል ባለፈ ቁጥር ዘሎ ይወጣል። ከሚካኤል በኋላ ዘለለ። ከማርያም በኋላ እንደ ፍየል ዘለለ። መሬቱ የሚከፈተው በበዓል ቀን ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ በሚካኤል ዕለት ተደብቄ ካልሲዬን አጥቤያለሁ። ለአንድ ጥንድ ካልሲ ቤት ሙሉ ሰው ገደል ይገባል? ለማንም ሳልናገር ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን አልመጣም።

በማግስቱ ቲቸር ሮዳስ ግራፌን ቀና ጎንበስ እያለች አየችው።

"ፍቅርተማርያም፣ አግዳሚው መስመር ላይ ከአሥራ አንድ ቀጥሎ አሥራ አምስት ነው ያልሽው። ሦስቱ ቀን የት ሄደ?"

"ሚካኤልና ሰንበት ነበር፣ ቲቸር። አልለካሁም።"

"አንቺ ስላልለካሽ መሬቱ ቆሞ ጠበቀሽ?"

"ቅዳሴ ሄዶ ነበር" አለ ቀልደኛው ባየው ከኋላ ወንበር። ክፍሉ ሳቀ።

"መሬት በዓል አያከብርም" አለች ቲቸር። "ላልለካሽበት ቀንም ካሬውን ተዪለት። ባዶ ይሁን።"

እንደገና ሠራሁት። ዝላዩ ጠፋ፤ መስመሩ እንደ ጣራ ማገር ቀጥ አለ። ካልሲዬ ነጻ ወጣ።

"ታዲያ ምን ይነግርሻል?"

"በቀን ሁለት ሚሊ ሜትር እንደሚሰፋ።"

ያኔ የቲቸር ፈገግታ ጠፋ። "ቤታችሁ ከስንጥቁ በየት በኩል ነው?"

"ማድ ቤቱ በገደሉ በኩል። ቤቱ በወዲህኛው በኩል፣ ከስንጥቁ አራት እርምጃ ቢሆን ነው።"

"ለአባትሽ ንገሪ፣ እኔም ለቀበሌው እናገራለሁ። መስመሩ ቀጥ እስካለ ጊዜ አላችሁ። ወደ ላይ ከታጠፈ ግን ማንንም አትጠብቁ፤ ውጡ።"

ለአባቴ ነገርኳቸው። "ይሄ ስንጥቅ አያትሽም ያውቁታል" ብለው ዳዊታቸውን ቀጠሉ። ዓርብ ስለካው ሃያ ሦስት ከስድስት፣ መስመሩ ላይ ቁጭ። ከሰዓት ዝናብ ጀመረና ሲያወርደው አደረ።

ቅዳሜ መድኃኔዓለም ነበር። ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ማስመሪያውን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የቄስ ልጅ በመድኃኔዓለም መሬት ስትለካ ጎረቤት ካየ፣ አለቀልኝ። ሃያ ሦስት ከስምንት መሆን ነበረበት።

ሃያ አምስት ከአንድ።

ሦስት ጊዜ ለካሁ። ቁጥሩ ያው ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ደገምኩት፤ ሃያ አምስት ከስምንት። ነጥቦቹን አስቀመጥኩ። መስመሩ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ላይ ታጠፈ። ችካሉ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበርና የተቀመጥኩበት መሬት የትኛው ወገን እንደሆነ ትዝ ሲለኝ ዘልዬ ተነሣሁ።

አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ሲመጡ በር ላይ ጠበቅኳቸው።

"ሆድሽ ተሻለሽ?"

"አላመመኝም፣ አባባ። ስንጥቁን ልለካ ነው የቀረሁት።"

"ዛሬ? በመድኃኔዓለም?"

"ይቆጡኝ። ግን ወደ ቤት ሳይገቡ፣ እዚሁ ቆመው ይቆጡኝ።"

ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። ጣቴን በመስመሩ ላይ አስኬድኩና የታጠፈበት ላይ አቆምኩ። አባቴ ወደ ጓሮ ሄዱ፤ ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው ተንበረከኩና ማስመሪያውን በገዛ እጃቸው ችካሎቹ መሃል አጋደሙት።

"አንብቢ፤ ዓይኔ አይደርስም።"

"ሃያ ስድስት ከሦስት።"

"ቅድም ስንት ነበር?"

"ሃያ አምስት ከስምንት።"

ከእግራችን ሥር አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ። አባቴ ብድግ አሉ።

"እናናየሁ! ልጁን አዝለሽ ውጪ። ላሚቱን ፍቺ።"

ከአባቴ ኋላ ደርሳ ቤት ገብታ የነበረችው እናቴ በሩ ላይ ቆመች። "በዛሬ ቀን ዕቃ ልናወጣ? ሰው ምን ይለናል?"

"ሰው የሚለውን ከላይ ሆነን እንሰማለን።"

መጽሐፎቹን፣ ብርድ ልብሱንና አንድ ጆንያ ገብስ ተሸክመን፣ ከቅዳሴ የሚመለሰው ሁሉ እያየን፣ ወደ አጎቴ ቤት ወጣን። አንዳንዱ አማተበ። ባየው እንኳ አፉን ይዞ ቀረ።

እሑድ ረፋድ ከአባቴ ጋር ከሩቅ ቆመን አየን። ማድ ቤቱ የለም። የቤቱ የጓሮ ግድግዳ ገደሉ ላይ ተጋድሟል፤ እኔና ወንድሜ የምንተኛበት መደብ ፀሐይ ይሞቃል። ከችካሎቹ የቀረው አንዱ ብቻ ነው።

"አሁንስ ስንት ነው?" አሉኝ።

"ማስመሪያው አይደርስም፣ አባባ። ወረቀቱም አይበቃም።"

"ሌላ ወረቀት ለጥፊበት" አሉ።

የአጎቴ ጓሮ ስንጥቅ የለውም። ቢሆንም ሁለት ችካል ተክያለሁ።