ሲስቧት የምትሄደው

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የደባርቁ ቢራራ ግን ጉዱን ያየው መስከረም ካለፈ ከአራት ወር በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ነው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ ጭኖ የስሜንን ተራራ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነበር። ኋላ ጉልበቱ ከዳው። በቅሎውን ሸጦ ደጃፉ ላይ ከተቀመጠ ሁለት ዓመት ሆነው። መቀመጡስ ባልከፋ፤ ታላቅ ወንድሙ ገብረ ኪዳን ዐይኑ ጠፍቶ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ በሚያስኬድ መንደር ታሞ ተኝቷል። ያንን ኮረኮንች ባጃጅ አይደፍረውም። "ሳላየው ይሞትብኛል" እያለ ቢራራ እህል አልወርድልህ አለው።

ልጁ ሃና የፊዚክስ አስተማሪ ናት። ያስተረጎመችለት አንድ ፈረንጅ የኤሌክትሪክ ብስክሌቱን ባትሪ አውሮፕላን አልጭንም ቢለው፣ ብስክሌቷን ለእሷ ትቶላት ሄደ።

"አባየ፣ ይችን እርስዎ ይነዷታል" አለችው።

"ነዳጅ አትጠጣ፣ ገለባ አትበላ፣ በምን ትሄዳለች ልጀ?"

ሃና ከትምህርት ቤት ሁለት ማግኔት አመጣች። አንዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሌላውን ብታስጠጋው፣ ሳትነካው ሸሸ። ቢራራ እጁን በመካከላቸው አሳለፈ፤ ምንም የለም። ደግሞ አሳለፈ።

"የኋላ ጎማዋ እምብርት ውስጥ እንዲህ ያሉ ማግኔቶች ተደርድረዋል" አለች። "አጠገባቸው የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል። ከባትሪው ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ሽቦውም ማግኔት ይሆናል። አንዱን እየገፋ፣ ሌላውን እየሳበ ጎማውን ያዞረዋል።"

"የሚገፋው አይታይማ።"

"አይታይም።"

ቢራራ አማተበ። ሰይጣን መስሎት አይደለም፤ የእግዜር ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ።

በወጣትነቱ ብስክሌት ስለነዳ ሚዛኑ አልጠፋውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብላ ሦስት ሳምንት ሜዳ ላይ አለማመደችው። ሄልሜት ሳያጠልቅ እንዳይወጣ፣ የፊቱን ፍሬን ብቻ አጥብቆ እንዳይዝ፣ ባትሪው ግማሽ ሲደርስ ፊቱን ወደ ቤት እንዲያዞር አስጠነቀቀችው። መጀመሪያ ዳገት የወጣባት ቀን የቀኝ እጀታዋን ወደ ራሱ ትንሽ ቢጠመዝዘው ሽቅብ ይዛው ወጣች። ጫፍ ደርሶ ደረቱን ዳሰሰ። ልቡ ልክ እንደተቀመጠ ሰው ነበር የምትመታው። ዳገት ያለ ላብ! ስልሳ ዓመት ያልሰማውን ነገር ቢያይ እንባው መጣ። ቁልቁለቱ ደግሞ ባሰ፤ ስትወርድ ጎማው ራሱ ኤሌክትሪክ እየሠራ ጥቂት ጥቂት ለባትሪው ይመልስለታል አለችው ሃና። ቁልቁለት ጉልበት ሲበላ እንጂ ሲያበላ ማን አይቶ ያውቃል?

"አንዴ ከወደቁ ግን እሸጣታለሁ" አለች ሃና። "ያለኝ አባት አንድ ነው።"

ቅዳሜ ጠዋት ብቻውን ወጣ። ኮረኮንቹን በዝግታ እየነዳ ጊዮርጊስ ደጅ ደረሰ። እንግዲህ የሰሜን ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ አያልፍም፤ ይወርዳል፣ ይሳለማል። ቢራራም ወረደ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ፤ ልጓም የያዘ መስሎት ቀኝ እጁን እጀታዋ ላይ እንደተወ፣ ሳያጠፋት ጎንበስ አለ። እጀታው ከክብደቱ ጋር ዞረ። ብስክሌቷ ወደ ፊት ተፈናጠረች፤ እሱም ሂጅ ያላት ራሱ መሆኑን አላወቀምና፣ ላቁማት ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ራሱ ሳባት። ይባስ በረረች። ቦዩ ውስጥ አብረው ገቡ።

ክርኑ ተላጠ፣ የብስክሌቷ መስታወት ረገፈ። ቀና ብሎ ግራ ቀኙን ቢያይ ሰው የለም። በቅሎ ሲስቧት ትቆማለች፤ ይችኛዋ ሲስቧት ትሄዳለች። ይህን አስቦ እዚያው ቦይ ውስጥ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ አጠፋት፣ አወጣት፣ ፍሬኗንና ጎማዋን መረመረ። ተሳልሞ መንገዱን ቀጠለ።

ገብረ ኪዳን ድምፁን ሲሰማ፣ "ማን ተሸክሞ አመጣህ?" አለው።

"ማንም። የማይታይ ነገር እየገፋኝ መጣሁ፣ ወንድም ጋሼ።"

ዐይነ ስውሩ እጁን ዘርግቶ ጎማዋን፣ ኮርቻዋን፣ ባትሪዋን ዳሰሰ። "ለእኔማ የሚታይ ነገር ካየሁ ቆየሁ" አለና የወንድሙን ፊት በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ። ሁለቱም አለቀሱ፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ አያምርም ያለ ይምጣና ይይ።

ከሰዓት በኋላ ሃና በር ላይ ጠበቀችው። ቢራራ ሄልሜቱን አወለቀ።

"ወድቄአለሁ" አላት። "ጊዮርጊስ ደጅ። ስሳለም።"

"ሰው አየዎት?"

"የለም።"

"ታዲያ ለምን ነገሩኝ?"

"ከደጁ ወድቄ እንዴት እዋሻለሁ? ወንድሜን አይቻለሁ፣ ይበቃኛል። ሽጫት።"

ሃና የተላጠውን ክርኑን አየችና፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች። "በዚህ አገር ስንት ቤተ ክርስቲያን እንዳለ እያወቅሁ መንዳት አስተማርሁዎት፤ መውረድ አላስተማርሁዎትም።"

ብስክሌቷን ወደ እሱ መልሳ አቀረበችለት።

"በሉ ይውጡባት" አለችው። "አሁን ያጥፉ። አሁን ይውረዱ።"