የገዳዩ ግራ እጅ

ቨርሊን ሃውገን በጉብዝናው ዘመን ጭምብል አጥልቆ፣ መጥረቢያ ይዞ፣ ስንትና ስንት ልጃገረድ ገድሏል፤ በፊልም። ተዋናይ ግን አልነበረም። አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ሐይቅ ዳር ላሞች እያለበ የሚኖር ገበሬ ነበር። ፊልም ሠሪዎች አንድ በጋ መጥተው ረጅም፣ መጥረቢያ የለመደ ሰው ሲፈልጉ እሱን አገኙ።

የልጅ ልጁ ብሪታ ፊልሙን እንዳታይ ሲከለክላት ኖሯል። አሁን ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት፤ ፊልሙም ጸድቶ፣ ጠርቶ እንደገና ወጣ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳሎኑን መጋረጃ ዘግታ፣ ፈንዲሻ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ከፈራህ እጄን ያዝ።»

«እኔ የምፈራው አንቺን ነው» አላት።

እውነቱን ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ትከሻው ላይ እንቅልፍ የሚወስዳት ልጅ ከዛሬ በኋላ በሌላ ዓይን ታየኛለች ብሎ ሰግቷል።

መጀመሪያ ላይ ሳቀች። ልጃገረዶቹ ጫካ ውስጥ በባለ ተረከዝ ጫማ ይሮጣሉ፤ ገዳዩ እየተንጎማለለ ይደርስባቸዋል። ሚስቱ አርዲስ ከኩሽና ብቅ ብላ፣ «ይኼ እኮ አይጥ ሲያይ ወንበር ላይ የሚወጣው ሰውዬ ነው!» አለች።

ቀስ በቀስ ግን የብሪታ ሳቅ ጠፋ።

«ወንድ የሳመች ሁሉ ትሞታለች። የሳማት ልጅስ? ጭረት እንኳ አይነካውም! አባባ፣ ያኔ አልከነከነህም?»

«አልከነከነኝም። ሐሳቤ ሁሉ ለማታ አለባ መድረስ ነበር።»

«ይኼ መልስ ነው?»

«አይደለም» አለ ቨርሊን።

የጀልባ ቤቱ ትዕይንት ደረሰ። አብዝቶ የሚፈራው ይኼን ነበር። ጭምብል ያጠለቀው ግዙፍ ሰው ልጅቷን አንገቷን አንቆ ከምሰሶ ጋር ሲያላትማት፣ ቨርሊን ዓይኑን ፈንዲሻው ላይ ተከለ። ድንገት ጩኸቱ ቆመ። ብሪታ ፊልሙን አቁማዋለች።

«አባባ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ቀና አለ። በልጅቷ ጭንቅላትና በምሰሶው መካከል አንድ ሰፊ እጅ ገብቷል። በድሮው ካሴት ጨለማው ውጦት ነበር፤ አሁን ጣቶቹ ሳይቀሩ ይታያሉ።

«ግራ እጄ ነው» አለ እያፈረ። «ጥጃ ልናክም መሬት ላይ ስንጥል ጭንቅላቱ ሲሚንቶ እንዳይመታው እጃችንን ከሥር እናደርጋለን። ለምዶብኝ ነው። ዳይሬክተሩማ ‹እጅህን ሰብስብ! ገዳይ ነህ አዋላጅ?› እያለ ሲጮህብኝ ነው የከረመው።»

ብሪታ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችው። በሩ ጋ፣ እጁ አለ። ደረጃው ላይ፣ አለ። ልታመልጠው የምትሮጥ ልጅ ስትወድቅ እንኳ አንድ እጅ ከክርኗ ሥር ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«እማማ! ነይ እዪ! በየቦታው አለ!»

አርዲስ እጇን እያደራረቀች መጥታ አየች። «ገዳይ ተብዬ!» አለች። «ይኼን ጉድ ይዘህ ነው ስትደብቀን የኖርከው?»

«ፊልሙ ግን አሁንም አስቀያሚ ነው» አለች ብሪታ።

«አስቀያሚ ነው» አለ ቨርሊን።

ብሪታ ተጠግታው እግሯን ሶፋው ላይ ሰበሰበችና ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። «እሺ፣ ቀጥሎ ማንን ነው የምትገድላት?»

ቨርሊን ከፈንዲሻው አንድ እፍኝ ዘገነ።

«ያቺን ባለ ቀይ ፀጉሯን» አለ። «አይ እሷ! በሷ የተነሳ እጄ አብጦ ሳምንቱን ሙሉ ላሞቹን ያለበችው አያትሽ ናት።»