መልስ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት

ሲምዩ ነው ጥፋተኛው የሚለኝ ካለ፣ ይምጣና እዚህ ይሥራ። እኔ ናፔዮክ ነኝ፣ የዚህ ጤና ጣቢያ ነርስ። ምላሷ አያርፍም ይሉኛል፤ አዎ፣ አያርፍም።

ያለነው ሁለት ነን፤ እኔና ጤና መኮንኑ ሲምዩ። እዚህ ቱርካና ጫፍ ላይ ወንዙ ሲሞላ መኪና አይወጣም፣ መኪና አይገባም። ሥልጠና የሚባል ነገር ሁሉ ከተማ ላሉት ነው። ለእኛ የደረሰን ዶክተር ሙቱኩ ከናይሮቢ የሚመሩት የዋትሳፕ ግሩፕ ብቻ ነው። እዚያ አንዱ የፈጠራ የበሽተኛ ታሪክ ያቀርባል፣ ሌሎቹ ይጠይቁታል፣ እሱም በሽተኛው ፊቱ የተኛ አስመስሎ ይመልሳል። "ላቡ በረታ፣ ኧረ ቶሎ በሉ!" ይላል። መልሱ የሚነገረው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ጀማሪዎቹ እንዲያስቡ ሲባል አዋቂዎቹ እስከዚያ አፋቸውን ይይዛሉ። የተሳተፈ ሰው ለሥራ ፈቃዱ ማሳደሻ ነጥብ ያገኛል። በዚህ ጨዋታ ደግሞ ሲምዩን የሚያህለው የለም። አንዴ በምጥ የተያዘች ሴት ከጭንቅላቱ ፈጥሮ ግማሹን ግሩፕ እንባ አራጭቶታል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ኤካል የሚባል ፍየል አርቢ ልጁን ታቅፎ እየሮጠ ገባ። ልጁ ኤሬንግ ይባላል፣ አራት ዓመቱ ነው። በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ የፍየል መዥገር መድኃኒት ጠጥቷል። አረፋ ይደፍቃል፣ ደረቱ ይንተከተካል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ማርከሻው አትሮፒን ነው። ሲምዩ ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ መድኃኒቱም በካርቶን ሙሉ አለን። አለን እኮ! እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ወጋነው። ደገምነው። ደረቱ ትንሽ ቀለል አለና ተመልሶ ሞላ፤ ልቡ ግን ጋለበ። ሲምዩ መርፌውን እንደያዘ ቆመ።

"ጨምርለታ! ምን ትጠብቃለህ?" አልኩት።

"ልቡን ባቆምበትስ? ከዚህ በላይ ይሰጣል? አላውቅም፣ ናፔዮክ።"

"እኔስ ባውቅ አንተን እለምን ነበር?"

ግድግዳው ላይ የተለጠፈው መመሪያ በስንት እንደሚጀመር እንጂ የት ላይ እንደሚቆም አይናገርም። ከዝናቡ ወዲህ ኔትወርኩም ጥሪ አያሳልፍም፤ አጭር ጽሑፍ ብቻ፣ እሱም ደስ ሲለው ነው። ሲምዩ ለግሩፑ ጻፈ፤ እጁ ስለለመደ ልክ እንደ ሁልጊዜው አድርጎ ጻፈው። "የአራት ዓመት ወንድ ልጅ። የመዥገር መድኃኒት ጠጥቷል። አትሮፒን ተሰጥቶት ልቡ ፈጥኗል፣ ደረቱ ግን እንደረጠበ ነው። ልቀጥል ላቁም?"

ስልኩ ጢን አለ። በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ የነበረው ኤካል ብድግ አለ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ዶክተሮች ናቸው ወንድሜ፣ ከያሉበት እየመለሱልን ነው" አልኩት።

የመጣው መልስ እንዲህ ይላል። "መጣ ቀጣፊው! ዛሬ ደግሞ ማንን ልትገድልብን ነው?" ሌላው፣ "የዓይኑ ብሌንስ?" ሌላው፣ "ሽንቱስ?" ቀጥሎ ራሳቸው ዶክተር ሙቱኩ፣ "ግሩም ጥያቄ ነው። መልስ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት።"

"እውነተኛ ልጅ ነው! ፊቴ ነው ያለው!" ብሎ ጻፈ ሲምዩ።

"ወይ ትወና! ይኼ ሰውዬ ቴአትር ቤት ነው መግባት የነበረበት።"

"በእናቴ ይሁንብኝ፣ እውነት ነው!"

"ባለፈውም በእናትህ ምለህ ነበር።"

ሃሊማ የምትባል የጋሪሳ ጤና መኮንን ደግሞ፣ "መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ለጀማሪዎቹ ልተውላቸው" አለች። ወይ አንቺ ሴትዮ! ጨዋነትሽ ገደለን።

ስልኩን ነጠቅኩት። "እኔ ነርሷ ነኝ፣ ስለ ፈጣሪ፣ ልጁ እየሞተ ነው" ብዬ ጻፍኩ። መልእክቱ ዞረ፣ ዞረ፣ አልሄደም። የልጁን ፎቶ አንስቼ ሞከርኩ፤ እሱማ ጭራሽ።

ስልኩ በጮኸ ቁጥር ኤካል፣ "ስንት ሆኑ?" ይለኛል።

"ብዙ ናቸው።"

"ይባረኩ" ይላል። ደግሞ ቁጢጥ ይላል።

ሲምዩ አንዴ የልጁን ደረት፣ አንዴ ስልኩን ያያል። በመጨረሻ "የመጣው ይምጣ!" ብሎ መርፌውን ሲያነሣ፣ ኤሬንግ በገዛ ምራቁ ታፍኖ ትንፋሹ ቆሞ ነበር። ጠረግንለት፣ አየር ሰጠነው፣ ደረቱን ተጫንን፣ እስኪደክመን ተጫንን። አልተመለሰም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መልሱ መጣ። "ደረቱ እስኪደርቅ አትሮፒኑን መቀጠል ነው፤ የልቡ መፍጠን አያስፈራችሁ። ብዙዎቻችሁ የምትስቱት እዚህ ላይ ነው። ሲምዩ፣ ድንቅ አቀራረብ! ለመሆኑ የልጁ መጨረሻ ምን ሆነ?"

ሲምዩ አንድ ቃል ብቻ ጻፈ። "ሞተ።"

ይቺማ ሄደችለት።

"እውነታውን የጠበቀ አጨራረስ ነው። ነጥብህ ተመዝግቧል" አሉ ዶክተሩ። ከዚያ የጭብጨባው ምልክት ጎረፈ። ሲምዩ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ። እኔ ጮህኩ፣ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ከነዘር ማንዘሩ ሰደብኩ። ማን ሊሰማኝ? ናይሮቢ ድረስ አይሰማ።

ኤካል ልጁን በሽርጡ ጠቅልሎ አቀፈ። በሩ ጋ ሲደርስ ስልኩ አሁንም ጢን፣ ጢን ይላል። ቆመና አዳመጠው።

"እህቴ" አለኝ፣ "እነዚያን ሰዎች እግዜር ይስጥልኝ በያቸው። ሲደክሙልኝ ነው የዋሉት። በቃ፣ አሁን ይረፉ።"

"እሺ፣ እላቸዋለሁ" አልኩት።