ባትሪ የለውም የተባለው ሰዓት

ማክሰኞ ሐምሌ 7 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ ነጋዴዋ ባየሽ በዝናብ እንደራሰች አምቦ ገበያ ዳር ወዳለችው የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ገባች። ሰዓት ጠጋኟ ጃለኔ ገና ከሥራዋ ቀና ሳትል፣

«ልጄ፣ አባትሽን ይዘውታል» አለቻት ባየሽ። «ከጉደር ማዶ፣ ኬላው ላይ። ሁላችንንም ከአውቶቡሱ አስወረዱን። ቦርሳው ሲከፈት የሆነ ነገር እንደ ንብ ይላል። ዋቃዮ፣ አምላኬ! ወታደሮቹ ሳይቀሩ ቦምብ ነው ብለው በደረታቸው ተኙ።»

«ምን ነበር?»

«ሰዓት ነው አላቸው፤ ደግሞ ባትሪ የለውም አለ። ታዲያ ባትሪ ከሌለው ምን ያስጮኸዋል? ዋሸህ ብለው የፊጥኝ አስረው ቆርቆሮ ቤት ከተቱት። ከአዲስ አበባ መኪና እየመጣ ነው፤ ሊወስዱት ነው።»

ወረንጦው ከጃለኔ እጅ ወደቀ።

ሰዓቱን ታውቀዋለች። የእጃጂው ጡረተኛ መምህር የአቶ ከበበው ነው። ጎኑ ላይ መሙያ የለውም። ፊቱ ገላጣ ሆኖ በመስተዋቱ ሥር ሁለት የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች ይታያሉ። ቀጭ ቀጭ አይልም፤ በውስጡ ያለችው፣ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለች ትንሽ ብረት በባትሪ ኃይል እየተንዘረዘረች ታንጎራጉራለች። አባቷ ኦቦ ሌንጂሳ ሙያውን ሲያስተምራት መጀመሪያ የነገራት ይህንኑ ነበር፦ «ሰዓት ሲመጣልሽ ከመክፈትሽ በፊት ስሚው። ቶሎ ቶሎ ቀጭ ቀጭ ካለ በእጅ የሚሞላ ነው። በሴኮንድ አንዴ ብቻ ከዘለለ ኳርትዝ ነው። ካንጎራጎረ ግን ከሁለቱ መካከል የነበረ፣ ኳርትዝ መጥቶ ያስቀረው ዓይነት ነው፤ አክብረሽ ያዢው።»

የዚያ ሰዓት ባትሪ መምጣት ካቆመ ቆይቷል። አባቷም የሞተውን ባትሪ አውጥቶ ጥሎ፣ ሰዓቱን ባዶውን ለመምህሩ ሊመልስ ቦርሳው ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ እርሱ ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ጃለኔ ከአንድ የተጣለ ኳርትዝ ሰዓት ያወጣችውን ባትሪ ሞከረች። ልክ ሆነ። ሰዓቱ በመዳፏ ላይ ማንጎራጎር ሲጀምር በደስታ ልትጮኽ ምንም አልቀራትም። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልላ መለሰችው፤ አልነገረችውም። እጃጂ ደርሶ መምህሩ ፊት ሲፈታው ሁለቱም እንዲደነቁ ነበር ምኞቷ።

አባቷ አልዋሸም። የሚያውቀውን እውነት ተናገረ፤ እውነቱን ከኋላው የለወጠችው እርሷ ናት።

አንድ በእጅ የሚሞላ ሰዓት፣ አንድ ኳርትዝና አንድ የአሥር ሳንቲም ፍራንክ ይዛ ወጣች። በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ ጉደርን እስክትሻገር ድረስ ምን እንደምትል ታመዛዝን ነበር። ጥፋቷን ብትናገር ታሳሪዎቹ ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ። ዝም ብትል ግን አባቷ ብቻውን ይሄዳል፤ በዚያ ክረምት ደግሞ በእንዲህ ዓይነት መኪና የተወሰደ ሰው የት እንደ ደረሰ የሚጠይቁት ሰው አልነበረም።

ኬላው ስትደርስ ሰዓቱን ከመንገዱ ዳር፣ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ፣ በአሸዋ ከረጢቶች ከበውታል።

«ወዴት ነው?» አላት አንድ አጭር ወታደር።

«የሰዓት ጠጋኙ ልጅ ነኝ።»

«ተመለሽ! ያ ነገር ከፈነዳ አንቺን የሚጠግን የለም።»

የኬላው ኃላፊ ከጠረጴዛው ቀና አለ። እንቅልፍ ያጡ ዓይኖቹ ቀልተዋል። ጃለኔ፣ «ባትሪውን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለች።

«አባትሽ የለውም ነው ያለው።»

«አያውቅም፤ አልነገርኩትም።»

«ለምን?»

«ደስ እንዲለው ብዬ።»

ወታደሩ ሳቀ። ኃላፊው አልሳቀም። «ታዲያ ደስ አለው?» አለ።

«ላምጣውና ላሳይዎ» ብቻ አለች።

«አምጪው። እኛ እዚሁ ነን።»

አርባውን እርምጃ ብቻዋን ሄደች። ባትሪውን በገዛ እጇ እንዳስገባች እያወቀች፣ እንደ ወታደሮቹ ፈርታ እርምጃዋን ትቆጥር ነበር። ከኋላዋ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማች። ጎንበስ ብላ ስታነሣው፣ እንደ ትናንቱ ሁሉ በጣቶቿ መካከል ተንዘረዘረ።

ሦስቱን ሰዓቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «ይህ በእጅ የሚሞላ ነው፤ ይስሙት። ይህ ኳርትዝ ነው፤ ሴኮንድ ቆጣሪው ሲዘል ይዩት። ይህኛው አይዘልም፤ ይንሸራተታል። ሽቦውም ለዚሁ እንጂ ለሬዲዮ ወይም ለፈንጂ አይደለም።» በፍራንኩ የኋላ ክዳኑን ፈታች። ገልበጥ ስታደርገው ባትሪዋ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች፤ ማንጎራጎሩም ተቋረጠ።

«አባቴ ባትሪ የለውም ያለዎ እንዲህ ዝም ያለ መስሎት ነው።»

መልሳ አስገባችው። አልጮኸም። በጥፍሯ መታ መታ ስታደርገው ማንጎራጎሩን ቀጠለ።

ከቆርቆሮው ቤት የአባቷ ድምፅ መጣ። «ጃለኔ? አንቺ ነሽ? ምን አድርገሽ ነው?»

ወደዚያ ብትዞር እንደምታለቅስ ስላወቀች አልዞረችም።

ኃላፊው ሰዓቱን አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገ። በአምቦ በኩል፣ ከጠመዝማዛው ጀርባ፣ የከባድ መኪና ድምፅ መሰማት ጀመረ።

«ጌታዬ» አለች ጃለኔ፣ «አባቴ አልዋሸም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይፍቱልኝ።»

ኃላፊው ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል ማዳመጡን ቀጠለ።

«እባክዎ፣ መኪናው ሳይደርስ ይፍቱልኝ።»

መኪናው ኬላው ላይ ደርሶ ቆመ። ኃላፊው ሰዓቱን ከጆሮው ሳያወርድ፣ በሌላ እጁ ለወታደሩ ወደ ቆርቆሮው ቤት አመለከተው፤ «ፍታው» አለ።