ጠማማው ስፌቴ

ቁርጥማት ይዞኛል፣ አዎ። «ትድኛለሽ» የሚለኝን ሰው ግን አፉን በመርፌ ብሰፋው ደስ ይለኛል። አይድንም። ሐኪሙም ነግሮኛል፣ ጣቶቼም በየጠዋቱ ይነግሩኛል።

ጥልፍ ጠላፊ ነኝ። ዘንድሮ ለጥልፍ ኤግዚቢሽን የያዝኩት ትልቅ የግድግዳ ጨርቅ ነበር፤ የራሴ ሁለት እጆች፣ በቀይ ክር። ደህና ስሆን ስፌቱ ቀጥ ይላል። ሲብስብኝ መርፌውን በጥርሴ እየጎተትኩ እሰፋለሁ፤ ያኔ ክሩ ይጣመማል፣ ይቋጠራል፣ ይዘላል። አልፈታውም። ሥራው እኮ እሱ ነው! አንድ ጊዜ እንኳ ሰው አይቶ «ለካ እንዲህ ነው የሚያማት» እንዲል ነው የፈለግኩት። ጣቶቼ እየደረቁ ስለሆነ ሌላ ጨርቅ እንደማልጀምር አውቀዋለሁ።

ታላቅ እህቴ የሙሽራ ቀሚስ ሰፊ ናት። የምታለብሰኝ፣ ፀጉሬን የምታበጥርልኝ እሷ ናት። እኔ ነገረኛ ነኝ፣ እሷ ችላኝ ትኖራለች። ጠማማ ስፌት ግን አትችልም። የሰው ሠርግ ተጠርታ እንኳ የሙሽራዋን ቀሚስ ጠርዝ ስትመረምር ነው የምትውለው።

ባለፈው ሕመሙ ጠንቶብኝ ሐኪም ቤት ተኝቼ ሰነበትኩ። ስመለስ ጨርቁ ተተኩሶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጠማማው ሁሉ ተፈትቶ እንደ አዲስ ተሰፍቷል። የጤነኛ ሰው እጆች ሆነዋል።

«እይው እስቲ! ዓይኔ እስኪጠፋ ነው የሠራሁት» አለች እህቴ። እውነትም ዓይኗ ደም መስሏል።

«እትዬ፣ ምን አደረግሽኝ?»

«ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነዋ፣ ሆዴ!»

ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ወይ ጉድ! ምን ብዬ? ከእሷ ሌላ ማን አለኝ?

በነጋታው የኤግዚቢሽኑ ኃላፊ ጨርቁን ልትወስድ መጣች። ጠጋ ብላ አየችውና «እሰይ! እጅሽ ተሻለው ማለት ነው!» አለችኝ።

«የእኔ ሥራ አይደለም፣ የእህቴ ነው። የእሷን ስም ጻፉበት» አልኳት። አንጀቴ አርሮ ነበር። እህቴ እንድታፍር ነበር የፈለግኩት።

እሷ ግን ስጦታ መሰላት። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስትሰፋ ስሟን የጻፈላት የለም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ እጄን አፈፍ አድርጋ ጨምቃ ሳመችው። ሕመሙ አጥንቴ ድረስ ዘለቀኝ።

«ይገባሻል» አልኳት፣ እጄን ሳልነጥቃት።